ዝምታውን አትሙሉብን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ በዚሁ የደብዳቤ ገጽ ላይ አንድ አንባቢ «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ብለው ጀምረው፣ የጎጃም ልጅ ቅኔ ቤት ደጁ ላይ እያለ ግጥም ፍለጋ ጃፓን ድረስ መሄዱ ምን ይባላል ሲሉ ጠይቀው ነበር። ስም አልጠሩም። ግን «ሦስት መስመር ይዘው ዋሽንት ይነፋሉ፣ ግማሹን ጊዜ ደግሞ ዝም ብለው ይቀመጣሉ» ያሉት እኛን መሆኑ ለሚያውቀን ሁሉ ግልጽ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው ካለ እስካሁን አልተዋወቅንም። ስለዚህ መልሱን እኔው ልጻፈው። አይቀየሙኝና፣ ከደብዳቤያቸው ውስጥ በጣም የወደድኩት ይህችኑ «ዝም ብለው ይቀመጣሉ» የምትለዋን ነው። ቢያንስ ቁጭ ብለው ሰምተውናል ማለት ነው።

እኛ ሦስት ሰዎች ነን፤ ሃይኩ የምትባለውን አጭር የጃፓን ግጥም በዋሽንትና በክራር እንጫወታለን። እኔ ክራር እመታለሁ። ዋሽንቱን የሚጫወተው ከጮቄ ተራራ ግርጌ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው ነው። ከሁላችንም በዕድሜ ስለሚበልጥ «አያ» ነው የምንለው። ሦስተኛው ቅኔ ቤት ቆይቶ የወጣ ልጅ ነው። ግጥሙን እሱ ይጽፋል፣ ወይም እኛ የጻፍነውን እሱ ይሰርዝብናል፤ እንደ ቀኑ ነው።

ሃይኩ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልበል። በጃፓንኛ 17 ድምፅ ያላት ግጥም ናት። መጀመሪያ 5፣ ቀጥሎ 7፣ ቀጥሎ 5። ማትሱኦ ባሾ (እ.ኤ.አ. ከ1644 እስከ 1694)፣ ከእሱ በኋላ ዮሳ ቡሶን፣ ከዚያ ኮባያሺ ኢሳ፣ የጥንቶቹ ጌቶች እነዚህ ናቸው። ስትጀመር ብዙ ሰው ተቀምጦ እየተቀባበለ ለሚገጥመው ረጅም ግጥም መክፈቻ ነበረች። ቆይታ ራሷን ቻለች፤ ሃይኩ የሚለው ስም የጸናላትም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በማሳኦካ ሺኪ ጊዜ ነው። በደንቡ ሁለት ነገር አይጎድልባትም። አንደኛው ወቅቱን የሚናገር ቃል ነው፤ ክረምት ይሁን ጸደይ፣ ሰሚው ወዲያው ማወቅ አለበት። ሁለተኛው ቁርጥ ነው። ግጥሟ አንድ ቦታ ላይ ትቆረጣለች፣ ከዚያ ወዲህና ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁለት ነገሮች ሳይታሰሩ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ለእኛ ነገሩ የተጀመረው ከአንዲት ግጥም ነው። ባሾ እ.ኤ.አ. በ1689 ሰሜን ጃፓንን በእግሩ ሲዞር ያማዴራ የሚባል ተራራ ላይ የተሠራ ቤተ መቅደስ ደርሶ የጻፋት ናት። ጸጥታ አለ። ከዚያ የሲካዳ ድምፅ ድንጋዩ ውስጥ ይሰርጋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሲካዳ በሙቀት ወራት ዛፍ ላይ ሆኖ ያለማቋረጥ የሚጮህ ነፍሳት ነው። አሁን ሙዚቃ የሚጫወት ሰው ይህን አንብቦ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል? ግጥሙ ስለ ድምፅ ነው፤ ያውም ጸጥታው እንዲሰማ ብሎ የገባ ድምፅ። አያ ሲነበብለት ዋሽንቱን አነሳና አንዲት ኖታ ብቻ አስረዝሞ ነፋ፣ ከዚያ አስቀመጠው። «እንዲህ ነው የሚለው?» አለ። እንዲህ ነው የሚለው።

ወደ ቅኔው ልምጣ። አንባቢው እንዳሉት ማሳጠርን ፍለጋ ከሆነ ጃፓን መሄድ አያስፈልግም። ትክክል ናቸው። ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት ነው። ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ነው። እኛም አጭር ግጥም አጥተን አይደለም። የቅኔ ቤቱ ጓደኛችን የባሾ ግጥም ሲነበብለት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ «ወርቁስ?» አለ፤ ከሰሙ ሥር የተደበቀውን ፍቺ ማለቱ ነው። ደግመን አነበብንለት። ኅብር ፈለገ፣ ውስጠ ወይራ ፈለገ፣ ቃሉን ከፍሎ ገጥሞ አየው። ምንም የለም። ሲካዳው ሲካዳ ነው፣ ድንጋዩም ድንጋይ። «እንግዲያ ሰም ብቻ ነዋ!» ብሎ ቅር እያለው የሻይ ሂሳብ ለኛ ትቶ ሄደ።

በኋላ ግን ነገሩን የፈታልን እሱው ነው። ቅኔ ላይ ባለቅኔው ወርቁን ቀብሮታል፣ ሰሚው እየቆፈረ ያወጣዋል፤ መኖሩን ሁሉም ያውቃል፣ ያላገኘው ያፍራል። እዚህ ግን የተቀበረ ነገር የለም። ሁለት ነገር ተቀምጧል፣ መሃሉ ክፍት ነው። ሰሚው ወደ ታች አይቆፍርም፤ ካንዱ ወዳንዱ ይሻገራል፣ መሻገሪያውን ግን ማንም አላበጀለትም። ለንባብ የቱ ይበልጣል የሚለውን ሊቃውንቱ ይከራከሩበት። ለመሣሪያ ሙዚቃ ግን ያ ክፍት ቦታ ትልቅ ሲሳይ ነው። ቅኔ ሲቀርብ ጆሯችን ሁሉ ቃሉ ላይ ነው፤ አንዲት ቃል ካመለጠች አለቀ። ዋሽንት ገብቶ ልተንፍስ ቢል ማን ይሰማዋል? ሃይኩ ግን ገና ከመጀመሪያው ቦታ ትታለት ነው የመጣችው። ስለዚህ ወርቁን እንደ መዳብ አልቆጠርንም። ከወርቁ ጋር የማይጣላ ሌላ ነገር አገኘን እንጂ።

አሁን ስለ ቆጠራ። ብዙ ሰው አማርኛ ሃይኩ ሲጽፍ ፊደል ይቆጥራል፤ 5 ፊደል፣ 7 ፊደል፣ 5 ፊደል። እኛ ይህን አንወደውም፣ በተለይ ለዜማ። ሳድሱ ፊደል አንዳንዴ ድምፅ ይይዛል፣ አንዳንዴ ከፊቱ ላለው ተለጥፎ ያልፋል። የኛን አንዷን ላምጣ፤

የሐምሌ ጭጋግ፤
ዛሬ ጮቄ አይታይም፣
የበግ ድምፅ ብቻ።

በፊደል ብትቆጥሩት 7፣ 9፣ 8 ነው። አፍ ላይ ግን በዝግታ በሉት፤ የ-ሐም-ሌ-ጭ-ጋግ፣ 5 ነው። ዛ-ሬ-ጮ-ቄ-አይ-ታ-ይም፣ 7። የ-በግ-ድምፅ-ብች-ቻ፣ 5። ዘፋኝ የሚያውቀው ይህንን ነው። ጃፓኖቹም ቢሆኑ አቆጣጠራቸው የራሳቸው ነው፤ ረጅም አናባቢ ሁለት ይሆናል፣ ቃል መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ብቻዋን አንድ ትቆጠራለች። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ታቦት መሸከም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቅርጹ ነው፤ አጭር፣ ረዘም ያለ፣ አጭር።

ቅርጹ ደግሞ ለአበሻ ጆሮ እንግዳ ነው። የኛ ግጥም እኩል መካፈል ይወዳል። ወል ቤት 6 እና 6 ነው፣ ሰንጎ መገን 5 እና 5፣ ቡሄ በሉ 4 እና 4። ሰሚው ግማሹን ሲሰማ ሌላውን ግማሽ ይጠብቃል፤ ጭብጨባውም እስክስታውም እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። 5-7-5 ግን ሲመጣ ትከሻ የሚያርፍበት ያጣል። እኔ በክራር ለማካካስ፣ እኩል ለማድረግ እጄ ይበላኛል። አያ ግን ችግሩን በትንፋሽ ይፈታዋል። የመጀመሪያዋን ሐረግ በአጭር ትንፋሽ፣ ሁለተኛዋን ደረቱ እስከፈቀደ ድረስ፣ ሦስተኛዋን በቀረችው። ሰውየው በልጅነቱ ከአንዱ ሸንተረር ወዲያኛው ላለ እረኛ ዋሽንት ሲነፋ ያደገ ነው፣ ትንፋሹን የሚለካለት ሰው አይሻም።

ቀጥሎ የቅኝት ጉዳይ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ትዝታ ማይነር የምንለውን በፒያኖ ቋንቋ ብንጽፈው ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። ጃፓኖች ዮናኑኪ ከሚሏቸው ሁለት ስኬሎች ማይነሩም ልክ እሱ ነው። ሜጀሩ ደግሞ የኛ ትዝታ ሜጀር ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ይህም እነሱ ሚያኮ ቡሺ ከሚሉት ጋር ይገጥማል፣ ኮቶ በሚባለው 13 አውታር ባለው መሣሪያቸው የሚሰማው ቅላጼ ነው። ባቲ ማይነርም እዚያ አገር ሕዝብ ዘፈን ውስጥ ወንድም አለው። ማን ከማን ወሰደ የሚል ወሬ እንዳታመጡ፣ ማንም ከማንም አልወሰደም፤ አምስት ድምፅ ከመረጡ መገጣጠም ይመጣል። አጨዋወቱ፣ ድምፁ የሚንሸራተትበትና የሚቆረጥበት መንገድ ግን ሰማይና ምድር ነው።

መገጣጠሙ ደስ ይላል፤ ግን ጣጣ አለው። ሃይኩን በትዝታ ማይነር ወይም በአምባሰል ብቻ ስትጫወት ሰሚው ወይ ስለ ድሮ ፍቅሩ ማሰብ ይጀምራል፣ ወይ ደግሞ «የካራቴ ፊልም» ይልሃል። አንድ ስቱዲዮ ያለ አቀናባሪ እንዲያውም ከኪቦርዱ የሻኩሃቺ ድምፅ አውጥቶ፣ ጎንግ ጨምሮ፣ «አሁን ጃፓን ጃፓን ሸተተ» አለን። ሻኩሃቺ የጃፓን የቀርከሃ ዋሽንት ነው፤ አራት ቀዳዳ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። የኛ ዋሽንት ከፊት ባሉት አራት ብቻ ይሠራል። ሁለቱም ጫፋቸው ላይ ነው የሚነፉት። ታዲያ እውነተኛው ዋሽንት ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሌላውን ቅጂ ከኪቦርድ ማውጣት ምን የሚሉት ነው? አያ ምንም አላለም፤ ዋሽንቶቹን ጠቅልሎ ተነሳ። እኛም ተከተልነው።

የፈረንሳዩ የሙዚቃ ደራሲ ኦሊቪየ ሜሲያን እ.ኤ.አ. በ1962 ጃፓን ሄዶ ሲመለስ ለፒያኖና ለትንሽ ኦርኬስትራ ሰባት ቁራጮች ጻፈ፣ ስማቸውንም ከሃይኩ ወሰደ። እዚያ ካሩይዛዋ በሚባል ቦታ ያዳመጣቸው ወፎችም ገብተውበታል። ግን ስትሰሙት ፈረንሳዊው ሰውዬ አይጠፋም፤ ጃፓናዊ ለመምሰል አልተጨነቀም። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። የጎጃም ጭጋግ በጎጃም ዋሽንት።

መላው የተገኘው አንቺ ሆዬ ላይ ነው። እኔ ካየኋቸው የጃፓን ዋና ዋና ቅኝቶች ውስጥ አንቺ ሆዬን የሚመስል አላገኘሁም። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ ብሎ ልክ እንደ አምባሰል ይጀምርና ሶል ይመጣል ብለህ ስትጠብቅ ዝቅ ይልብሃል፣ ላው ደግሞ ከፍ ይላል። ስለዚህ «የሐምሌ ጭጋግ»ን እንዲህ አደረግናት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሐረጎች በአምባሰል፣ ለእኛም ለእነሱም በሚሆነው። ከዚያ ቁርጥ። ከዚያ የበጉን ድምፅ በአንቺ ሆዬ። ጭጋጉ ውስጥ ሌላ አገር ያለህ ይመስልሃል፣ በጉ ሲጮህ ቤትህ ነህ።

ቁርጡ እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ፣ የዚህ ሁሉ ደብዳቤ ነገር እሱ ነውና። ዋሽንት ተጫዋች አንድ ዋሽንት ይዞ አይሄድም። ቅኝት ሲለወጥ፣ ድምፅ ሲወፍርና ሲቀጥን ሌላ ዋሽንት ያነሳል። አያ የእሱን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልሎ ነው የሚይዛቸው፣ ረጃጅሞቹ ከታች፣ አጫጭሮቹ ከላይ። አምባሰሉን ሲጨርስ ዋሽንቱን ከአፉ ያወርዳል፣ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። ነጠላውን ይገልጣል። ቀርከሃ ከቀርከሃ ጋር ቀጭ ይላል፤ ያቺ ድምፅ ትሰማለች። የሚፈልገውን በጣቱ ዳሶ ያወጣል፣ አይኑ እዚያ አይደለም። ከንፈሩን በምላሱ ያርሳል። አፉ ላይ ያስጠጋና ገና ሳይነፋ አየር ይስባል፤ እሷም ትሰማለች። እኔ በዚያን ጊዜ ክራሬን አልነካም፣ ትንሽ እንኳን። ሌላ ጊዜ ቢሆን አዝማሪ ይህችን ክፍተት በቀልድ ወይም በክራር ቶሎ ይደፍናታል። እኛ ተውናት። ጃፓኖቹ በቃል የሚቆርጡትን አያ በእጁ ይቆርጠዋል። ተዋናይ ሆኖ አይደለም፤ ዋሽንቱን መቀየር ስላለበት ነው።

እንግዲህ ይህን ቀዳን። ለአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ሰጠን፤ ስሙን አልጠራም፣ ወዳጆችም አሉኝ። በተቀጠረው ሰዓት ቤተሰብ ሁሉ ሰብስበን ጆሯችንን ቀስረን ተቀመጥን። አምባሰሉ መጣ። ጥሩ ነው። ከዚያ ነጠላውን የሚገልጥበት ቦታ ላይ ሲደርስ በስትሪንግ ተሞላ! ከኪቦርድ የወጣ ረጅም የቫዮሊን ድምፅ፣ በሪቨርብ ታጥቦ፣ የሰርግ ቪዲዮ መጀመሪያ ላይ እንደሚሰማው። ሲቀጥል ደግሞ ያም ተቆርጦ አጥሯል፣ በጉ ወዲያው መጣ። አያ ከንፈሩን የሚያርስበት ጊዜ እንኳን አልተሰጠውም። መጨረሻው ላይ ደግሞ የምናሳርፋት ዝምታ አለች፤ እዚያ ላይ አቅራቢዋ «ውድ አድማጮቻችን አብራችሁን ናችሁ!» ብላ ገባች። የአያ እናት ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ደውዬ ጠየቅኩ። ባለሙያው ጨዋ ልጅ ነው፣ አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ ድምፁ መሃል ላይ ጠፍቶ ነበር፣ አስተካከልኩላችሁ» አለኝ። አስተካከልኩላችሁ! ደግሞ ምክንያት አለው። ማሰራጫው ላይ ዝምታ ሲረዝም የሚያንጫርር መሣሪያ አለ፣ ድምፅ ጠፋ ብሎ በራሱ ወደ ሌላ ፕሮግራም የሚቀይርም አለ። ለሬዲዮ ሰው ዝምታ ማለት ብልሽት ነው፤ አለቃው የሚደውልለት ያን ጊዜ ነው። ይገባኛል። አልፈርድበትም። ግን ያንን ዝምታ ከእኛ ሙዚቃ ላይ ማውጣት ከግጥሟ አንዱን መስመር መሰረዝ ነው። ደብዳቤ ጸሐፊው «ዝም ብለው ይቀመጣሉ» ሲሉ፣ ባለሙያውም «ድምፁ ጠፋ» ሲል የሚሉት አንድ ነገር ነው። ሁለቱም ያን ጊዜ ምንም እየሆነ አይደለም ብለው ያስባሉ። ያን ጊዜ ነው እኮ ሰሚው ከጮቄ ወደ በጉ የሚሄደው። እግሩን አንስቶ ሳለ ለምን ይገፋል?

የአሜሪካው የሙዚቃ ደራሲ ጆን ኬጅ እ.ኤ.አ. በ1951 እና በ1952 ለፒያኖ ሰባት ሃይኩዎች ጽፏል። በዚያው በ1952 ደግሞ ተጫዋቹ ፒያኖው ፊት ተቀምጦ አንድም ኖታ ሳይመታ 4 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ የሚቆይበትን ሥራ አቀረበ። እኛ እስከዚያ አንሄድም፤ እንዲህ ብናደርግ ደብረ ማርቆስ ላይ ብራችንን መልሱ የሚል ይኖራል፣ እውነቱንም ነው። የኛ ዝምታ ዋሽንት እስኪነሳ ድረስ ያለች ናት። ከዚያ በላይ አልጠየቅንም።

ሌላ የሚያከራክረን ወቅት ነው። ጃፓኖች የወቅት ቃላትን ሰብስበው ሳይጂኪ የሚሉት መጽሐፍ አላቸው፤ በየወቅቱ ምን ያብባል፣ ምን ይጮሃል፣ ምን ይበላል፣ ተዘርዝሮ። እኛ ደግሞ ለጎጃም በድምፅ ብቻ የሚሆን አንድ ማዘጋጀት ጀምረናል። ሰኔ ላይ እንቁራሪትና የገበሬ ጅራፍ። ነሐሴ ላይ ያው የቡሄ ጅራፍ፤ ግን ጆሮ ያለው ሰው ሁለቱን ይለያል፣ የገበሬው ለበሬ ነው፣ የልጆቹ ለመንደሩ። መስከረም ላይ ወፍ አለ፣ ግን የመስቀል ወፍና አደይ አበባ በግጥም ብዙ ስለተባለላቸው ትንሽ እንዲያርፉ ትተናቸዋል። ታኅሣሥ ላይ ውድማ፤ በሬ እህል ላይ ሲሄድ የሚሰማው የገለባ ድምፅና ሰውዬው ከኋላ የሚያንጎራጉረው። ጥር ላይ ጥምቀትና ከበሮ፣ ይህን ማንም ያውቀዋል።

ቆርቆሮ ላይ ግን ተጣላን። እኔ ክረምት ማለት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ነው አልኩ፤ ከተማ ነው ያደግኩት። አያ «እሱ የክረምት ድምፅ አይደለም፣ የቆርቆሮ ድምፅ ነው» አለ። ሣር ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ዝናብ ሲጀምር በጆሮው አይደለም የሚያውቀው። ሣሩ ይጠጣዋል። የሚያውቀው በጠረኑ ነው፣ በጭሱም፤ ጭሱ አልወጣ ብሎ ቤቱ ውስጥ ሲተኛ። የቅኔ ቤቱ ልጅ ደግሞ መሃል ገብቶ ባሾ ቆርቆሮ ቢያይ ይጽፍበት ነበር ብሎ ከእኔ ጋር ቆመ። እስካሁን አልታረቅንም። የሣር ቤት ዝናብን በሙዚቃ እንዴት ትሠራዋለህ? ድምፅ የሌለው ዝናብ። አያ ግን እሠራዋለሁ ይላል፣ ይሠራዋልም።

ወቅቱን ደግሞ እንጠብቃለን። በጥር አንድ ሰርግ ላይ ተጠርተን «ያቺን የጭጋጓን» ሲሉን እሷ የሐምሌ ናት ብለን ሌላ ተጫወትን። የሙሽራው አጎት «ብር የሚከፈለው በሐምሌ ነው እንዴ?» አሉን። ልክ ናቸው፣ በሐምሌ ሰርግ የለም። የሐምሌ ሙዚቃ የሚሠራ ሰው ከሰርግ ገንዘብ እንደማያገኝ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ይህንን ለሚቀላቀሉን ወጣቶች ሁሉ እናገራለሁ። ግን ጭጋግን በጥር መጫወት ደስ አይልም። ጥር ላይ ጮቄ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሰው በመስኮት እያየው «ዛሬ ጮቄ አይታይም» ብትለው ማን ያምንሃል?

ቃሉ ይነገር አይነገር የሚለውም አላለቀልንም። ጓደኛችን ግጥሟ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ በዝግታ ትነበብ ይላል። አያ ምንም አይነገር ይላል፤ በጉን ካልሰሙት ብትነግራቸው ምን ይጠቅማል ነው የሚለው። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ሰው እንደሁኔታው ነው። ትምህርት ቤት ስንጫወት ልጆቹ ሳይነገራቸው «ዋ! በግ!» ብለው ይስቃሉ። አዳራሽ ውስጥ ወንበር የተደረደረለት ሰው ግን ወረቀት ይጠይቃል።

ለሬዲዮ ሰዎች ያለኝ ጥያቄ ትንሽ ናት። ማንጫረሪያው የሚታገሰውን ያህል እኛም እናሳጥራለን፣ ስንት ሰከንድ እንደሆነ ብቻ ይነገረን። እናንተም ከመልቀቃችሁ በፊት «መሃሉ ላይ ዝም ይላል፣ ሬዲዮናችሁ አልተበላሸም» በሉልን። ስትሪንጉን ተዉት።

ለደብዳቤ ጸሐፊው ደግሞ፣ ከሞጣም ይሁኑ ከቢቸና፣ ከቡሬም ይሁኑ ከዳንግላ፣ ከልባቸው እንደተቆረቆሩ ገብቶኛል። እንግዲያው ያግዙን። የድምፅ ዝርዝራችን ላይ መጋቢት ባዶ ነው። ሁዳዴ ነው፣ ሙቀት ነው፣ እርሻው ገና ነው፤ ምን ይሰማል? ከአካባቢዎ የመጋቢት ድምፅ ካለዎት በዚሁ ገጽ ይጻፉልን። አያ በበኩሉ የመጋቢት ድምፅ የበሬ ማዛጋት ነው ይላል፤ እሱን በክራር እንዴት እንደምመታው ግን አይነግረኝም።

ከሰላምታ ጋር
ክራር መቺው፣ ከደብረ ማርቆስ